የወጣ አጋር ሁሉ ከሃዲ አይደለም

በጦር ቃል ኪዳኖች ታሪክና በዲፕሎማሲ ትንተና ውስጥ ማስረጃ ሳይጠየቅበት የሚያልፍ አንድ ፍርድ አለ። ይኸውም በሌላ አገር ምድር ለሚካሄድ የጋራ ዘመቻ ጦር የላከ መንግሥት፣ ዘመቻው ግቡን ሳይመታ ወታደሮቹን ካስወጣ፣ አጋሮቹን ይከዳል፣ ጠላትን ያደፋፍራል፣ ሌሎችም እንዲከተሉት በር ይከፍታል የሚለው ነው። ከዚህ ፍርድ የሚመነጨው ምክርም ያው አንድ ነው፤ ዘመቻውን የሚመራው መንግሥት በምልጃም በወቀሳም ብሎ አጋሩን እንዲያስቀር፣ ይህ ካልሆነለት ደግሞ የወጣውን ለሌሎች መቀጣጫ እንዲያደርግ። የፍርዱ ዋና ምስክር ሆና የምትጠራውም ዘወትር ስፔን ናት። በኤፕሪል 2004 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አዲስ የተመረጠው የማድሪድ መንግሥት ጦሩን ከኢራቅ እንዲወጣ ማዘዙ፣ ሽብርን ፈርቶ አጋርን የመተው ምሳሌ ሆኖ እስከ ዛሬ ይነገራል። ነገሩ በቅደም ተከተሉ ሲመረመር ግን ስፔን ለዚህ ፍርድ ደካማ ምስክር ናት፤ እንዲያውም የመውጣት ጉዳት የሚመነጨው ከአወጣጡ እንደሆነ፣ አወጣጡ ሲበላሽም መሪው መንግሥት ከወጣው አገር እኩል እንደሚጠየቅ ከእርሷ የተሻለ የሚያሳይ አገር አይገኝም።

ፍርዱ መጀመሪያ የሚሳሳተው ሁለት የተለያዩ ማሰሪያዎችን እንደ አንድ በመቁጠሩ ነው። አንደኛው የጦር ቃል ኪዳን ነው፤ ይህ በጽሑፍ የሰፈረ፣ በየአገሩ ምክር ቤት የጸደቀ፣ አንዱ አባል ሲጠቃ ሌሎቹ እንዲደርሱለት የሚያስገድድ ውል ሲሆን፣ የሰሜን አትላንቲክ የጦር ቃል ኪዳን ድርጅት፣ በአጭሩ ኔቶ፣ የቆመበት የ1949 የዋሽንግተን ውል ዋነኛው ምሳሌ ነው። ሁለተኛው ጥምር ኃይል ነው፤ ይህ ለአንድ ዘመቻ ብቻ በፈቃዳቸው የተሰባሰቡ መንግሥታት የሚያዋጡት ጦር ሲሆን፣ እያንዳንዱ አገር የሚታሰረው ከመሪው መንግሥት ጋር በደረሰበት መግባባት ልክ ብቻ ነው። በኢራቅ የተሰለፈው ኃይል የዚህ የኋለኛው ዓይነት ነበር። በአንዱ አባል ላይ የተሰነዘረ ጥቃት በሁሉም ላይ እንደተሰነዘረ ይቆጠራል የሚለው የዋሽንግተን ውል አምስተኛ አንቀጽ ሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ሲሆን፣ የኢራቅ ጦርነት ከእርሱ ጋር የሚያገናኘው የሕግ ክር አልነበረም። ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ቤልጅየም የቃል ኪዳኑ ነባር አባላት ሆነው ሳለ ዘመቻውን በግልጽ ተቃውመዋል፤ አንድም ወታደር ለወረራው አልላኩም። ገብቶ የወጣው ቃል ኪዳን አፍራሽ ከተባለ፣ ጨርሶ ያልገቡት ምን ሊባሉ እንደሚገባ የፍርዱ ደጋፊዎች መልስ የላቸውም።

ሁለተኛው ስሕተት የአነስተኛ አጋር ጦር ለዘመቻው የሚያበረክተውን ነገር በተሳሳተ ሚዛን መመዘን ነው። ስፔን በ2003 ወደ ኢራቅ የላከችው 1,300 ያህል ወታደር ነበር፤ ይህ ጦር ከኤልሳልቫዶር፣ ከሆንዱራስ፣ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክና ከኒካራጓ ወታደሮች ጋር ሆኖ ፕሉስ ኡልትራ የሚባለውን ብርጌድ አቋቁሞ፣ በፖላንድ በሚመራ ዓለም አቀፍ ክፍለ ጦር ሥር በዲዋኒያና በነጃፍ ሰፈረ። በዚያው ወቅት አሜሪካ በኢራቅ ያሰለፈችው ጦር ከመቶ ሺህ በላይ ነበርና፣ የስፔን ወታደሮች መኖርም አለመኖርም የጦርነቱን ሚዛን የሚለውጥ አልነበረም። ዋሽንግተን ከማድሪድ የፈለገችው ድጋፍ ከጠመንጃው ይልቅ በፖለቲካው በኩል ነበር። ስፔን በ2003ና በ2004 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የፀጥታው ምክር ቤት ተለዋጭ አባል ስለነበረች፣ ከአሜሪካና ከብሪታኒያ ጋር ሆና ጦርነቱን ያጸድቃል የተባለውን፣ በኋላም ድምፅ ሳይሰጥበት የቀረውን የውሳኔ ረቂቅ አቅርባለች፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆሴ ማሪያ አስናርም ወረራው ሊጀመር አራት ቀን ሲቀረው፣ ማርች 16 ቀን 2003፣ በፖርቱጋል አሶሬስ ደሴቶች ከጆርጅ ቡሽና ከቶኒ ብሌየር ጎን ቆመው ታይተዋል። የድጋፉ ዋጋ እንግዲህ አንድ የአውሮፓ ሕዝብ ዘመቻውን ተቀብሎታል ብሎ ለዓለም በመመስከሩ ላይ ነበር።

ይህ ምስክርነት ግን ከመነሻው ባዶ ነበር። የስፔን የማኅበራዊ ጥናት ማዕከል በፌብሩዋሪ 2003 ባካሄደው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ከተጠየቁት አሥር ሰዎች ዘጠኙ ያህል ጦርነቱን ተቃውመዋል፤ በዚያው ወር 15ኛ ቀን በማድሪድና በባርሴሎና አደባባይ የወጣው ሕዝብ በአገሪቱ ታሪክ ከታዩት ታላላቅ ሰልፎች የሚቆጠር ነበር። አስናር በምክር ቤቱ ፍጹም አብላጫ ወንበር ስለነበራቸው ይህን ሁሉ አልፈው መሄድ ችለዋል፤ ማለፍ መቻልና ፈቃድ ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው። በሕዝብ ፈቃድ ላይ ያልቆመ የጦር መዋጮ ለመሪው መንግሥት የሚሰጠው ጥቅም ያዋጣው መንግሥት በሥልጣን ላይ እስካለ ድረስ ብቻ የሚቆይ ነው፤ ይህን ደግሞ ዋሽንግተን ያሉት የአውሮፓ ጉዳይ ባለሙያዎች ማንም ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር። ምርጫ ያለበትን አገር ድጋፍ የተቀበለ መንግሥት የምርጫውን ቀን ጭምር ተቀብሏል። ሆኖም የስፔን መንግሥት ቢለወጥ በነጃፍና በዲዋኒያ ማን ይተካል የሚለው ጥያቄ ቀድሞ መልስ ያገኘ አይመስልም፤ ለውጡ በመጣ ጊዜ የታየው ግርግር ይህንኑ ያሳብቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ክስ ግን የሽብሩ ነው፤ ይህንንም በቀላሉ ማለፍ አይገባም። ማርች 11 ቀን 2004 በማድሪድ የከተማ ዳርቻ ባቡሮች ላይ የፈነዱት ቦምቦች ከ190 በላይ ሰዎችን ገደሉ። ከሦስት ቀን በኋላ በተካሄደው ምርጫ፣ ከጥቃቱ በፊት በሕዝብ አስተያየት መለኪያዎች ይመራ የነበረው የአስናር ሕዝባዊ ፓርቲ ተሸንፎ፣ በሆሴ ሉዊስ ሮድሪጌዝ ሳፓቴሮ የሚመራው የሶሻሊስት ሠራተኞች ፓርቲ 164 ወንበር በማግኘት አሸነፈ። ሳፓቴሮ ኤፕሪል 17 ቃለ መሐላ ፈጽመው በማግሥቱ ጦሩ በተቻለ ፍጥነት እንዲወጣ አዘዙ። ቡሽ በስልክ ባነጋገሯቸው ጊዜ ማዘናቸውን ገልጸው፣ ለአሸባሪዎች የሐሰት መጽናኛ ከሚሆን እርምጃ እንዲጠበቁ አሳሰቧቸው። ከዚህም በላይ የኖርዌይ የመከላከያ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች ከጥቃቱ በፊት በበይነ መረብ ተሰራጭቶ የነበረ አንድ ጽሑፍ አግኝተዋል፤ ጽሑፉ ስፔን ከጥምር ኃይሉ አባላት ደካማዋ እንደሆነች፣ ምርጫዋ ሲቃረብ ጥቂት ጥቃት ቢሰነዘርባት ጦሯን ለማስወጣት እንደምትገደድ ያትታል። ከሳሾቹ ከዚህ የጠነከረ ማስረጃ የላቸውም፤ እውነትም ጠንካራ ነው።

ነገር ግን ይህ ማስረጃ የሚያስረዳው አጥቂው የተመኘውን ነው፤ ውሳኔው ከምን እንደመነጨ አያስረዳም። ሳፓቴሮ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እስከ ጁን 30 ቀን 2004 የኢራቅን ጉዳይ ካልተረከበ ጦሩን እንደሚያስወጡ ቃል የገቡት ቦምቦቹ ከመፈንዳታቸው በፊት ነበር፤ ፓርቲያቸውም ጦርነቱን ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ተቃውሟል። ቃሉን ከጥቃቱ በኋላ ቢያጥፉት ኖሮ፣ አንድ መራጭ ሕዝብ በነጻነት የመረጠውን ፖሊሲ ቦምብ ያፈነዳ ቡድን አስቀየረው ማለት ነበር፤ የፍርዱ ደጋፊዎች ይህን መገለባበጥ ልብ ሲሉ አይታዩም። መራጩን ያንቀሳቀሰው ነገርም ፍርሃት ብቻ አልነበረም። መንግሥት የባስክን ነጻነት በመሣሪያ ይጠይቅ የነበረውን ኢታን ጥፋተኛ ለማድረግ ቸኩሎ፣ በዚያው ዕለት የፀጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 1530 ኢታን በስም ጠቅሶ እንዲያወግዝ አስደረገ፤ ምርመራው ወደ ሌላ አቅጣጫ እየጠቆመ ሲሄድም በአቋሙ መጽናቱን ሕዝቡ በምርጫው ዋዜማ በገዢው ፓርቲ ጽሕፈት ቤቶች ደጃፍ ተሰልፎ ተቃውሟል። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ሰው በ2000 ከነበረው ከመቶ 69 ያህል ወደ ከመቶ 76 ያህል ከፍ ማለቱ የሸሸ ሕዝብ ምልክት አይደለም።

በዚህ ላይ የጥቃቱን አመጣጥ ለዓመታት ያጠኑት ስፔናዊው ምሁር ፈርናንዶ ሬይናሬስ፣ ስፔንን የመምታቱ ሐሳብ የተጠነሰሰው የኢራቅ ጦርነት ከመጀመሩ በፊት፣ የአገሪቱ ፖሊስ በኖቬምበር 2001 አንድ የአልቃይዳ መረብ ከበተነ በኋላ እንደነበር ያስረዳሉ። የመውጣት ቃል የገባው ፓርቲ ከተመረጠ በኋላም ቡድኑ አላረፈም፤ ኤፕሪል 2 ከማድሪድ ወደ ሴቪያ በሚወስደው የፈጣን ባቡር መስመር ላይ ቦምብ ተገኘ፣ በማግሥቱም በሌጋኔስ ከተማ በፖሊስ የተከበቡት ተጠርጣሪዎች ራሳቸውን ሲያፈነዱ አንድ የፖሊስ ባልደረባ ገደሉ። ጦር የማስወጣት ተስፋ ጥቃትን ያስቆማል የሚለው ስሌት በአሸባሪዎቹ ዘንድም እንደ ተባለው የሠራ አልነበረም።

እውነተኛ እጅ መስጠት ምን እንደሚመስል ለማየት ወደ ፊሊፒንስ መመልከት ይበቃል። በጁላይ 2004 አንድ ፊሊፒናዊ የከባድ መኪና ሹፌር በኢራቅ በታገተ ጊዜ፣ የፕሬዚዳንት ግሎሪያ አሮዮ መንግሥት ሃምሳ ያህል ብቻ የነበሩትን ወታደሮቹን ቀድሞ ከተቆረጠው ጊዜ አስቀድሞ በአጋቾቹ ጥያቄ መሠረት አስወጣ። እዚህ ላይ ጠያቂው አጋች፣ መላሹ መንግሥት፣ ዋጋውም የታጋቹ ሕይወት ነበር፤ ሰውየውም በሕይወት ተለቀቀ። ይህን ውሳኔ በሰብአዊነት የሚደግፍ ሰው ይኖራል፤ ግን ከስፔኑ ጋር በአንድ መዝገብ ማስፈር አስቀድሞ የተገባን የምርጫ ቃልና በጠመንጃ አፈሙዝ ሥር የተሰጠን መልስ አንድ ማድረግ ነው።

ለሳፓቴሮ ጥብቅና መቆም ግን እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው፤ ከሳሾቹ ችላ የሚሉት እውነተኛ ጥፋት አለባቸውና። ጦሩን ያስወጡት ራሳቸው የቆረጡትን ጁን 30 ሳይጠብቁ ነበር። በቂ የሆነ የፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ሊመጣ እንደማይችል ገምተናል አሉ፤ ጦሩ በሜይ ወር ወጥቶ ካለቀ ብዙም ሳይቆይ፣ ጁን 8 ቀን 2004፣ ምክር ቤቱ ለኢራቅ ጊዜያዊ መንግሥት ሥልጣን የሚተላለፍበትንና የዓለም አቀፉ ኃይል ቆይታ የሚገደብበትን ውሳኔ ቁጥር 1546 በሙሉ ድምፅ አጸደቀ፤ ስፔንም እጇን አውጥታ ደገፈችው። ሰባት ሳምንት ያህል ቢታገሡ ኖሮ፣ መውጣታቸውን ከዚህ ውሳኔ ጋር አስተሳስረው፣ ምናልባትም ወታደር ባያቆዩ በሌላ መልክ የሚሳተፉበትን መንገድ መደራደር በቻሉ ነበር።

ለጥድፊያው የሚቀርበው ምክንያትም ቀላል አይደለም። መውጫው የታወቀ ጦር ለጠላት የተመቸ ዒላማ ነው፤ የነጃፍ ሁኔታ ደግሞ ከማርቹ ምርጫ በኋላ ተለውጦ ነበር። በባግዳድ የነበረው በአሜሪካ የሚመራው የወረራ አስተዳደር የሺዓውን የሃይማኖት መሪ የሙቅታዳ አልሳድርን ጋዜጣ ዘግቶ፣ ከረዳቶቹ አንዱ እንዲታሰር ካደረገ በኋላ፣ ኤፕሪል 4 የሳድር ታጣቂዎች ስፔናውያንና ኤልሳልቫዶራውያን በጋራ በሰፈሩበት የነጃፍ ጦር ሰፈር ላይ ብርቱ ውጊያ ከፈቱ። መልሶ ግንባታና ማረጋጋት ተብሎ ለስፔን ሕዝብ የተነገረው ተልዕኮ በአንድ ቀን የከተማ ውጊያ ሆነ። ውሳኔው የባግዳድ፣ እሳቱ የነጃፍ ነበር፤ አነስተኛው አጋር በውሳኔው ላይ የረባ ድምፅ አልነበረውም። ስለ አጋር ታማኝነት ሲጻፍ ይህ ጎን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ለምን እንደሆነ መገመት አይቸግርም፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው፣ ኃያሉን ከመጠየቅ ደካማውን መውቀስ ይቀላል።

አንዱ ከወጣ ሌሎቹ ይከተላሉ የሚለው ክስ ደግሞ ከሩቅ ሲያዩት የተረጋገጠ ይመስላል። ስፔን መውጣቷን ባስታወቀች በጥቂት ቀናት ውስጥ ሆንዱራስና ዶሚኒካን ሪፐብሊክም መውጣታቸውን አስታወቁ። ነገር ግን እነዚህ አገሮች በስፔን ብርጌድ ውስጥ፣ በስፔን አዛዥና በስፔን ስንቅና ትጥቅ አቅርቦት የሚኖሩ ትናንሽ ክፍሎች ነበሯቸው፤ ምሰሶው ሲነሳ የሚጠለሉበት ጣሪያ አልነበራቸውም። በዚያው ብርጌድ የነበረችው ኒካራጓ ከማድሪዱ ጥቃት በፊት ወታደሮቿን መልሳ ነበር፤ ኤልሳልቫዶር በአንጻሩ ከሁሉም የላቲን አሜሪካ አገሮች ተለይታ እስከ 2009 ቆየች። ፖላንድ እስከ 2008፣ ብሪታኒያ እስከ 2009 ቆዩ፤ ኔዘርላንድስ በ2005፣ ጣልያን በ2006 የወጡትም እያንዳንዳቸው በየምክር ቤታቸውና በየምርጫቸው መቁጠሪያ ነው። ጥምር ኃይሉ እየመነመነ የሄደው አንድ አገር ስለወጣች አይደለም፤ ጦርነቱ የተከፈተበት ምክንያት፣ ማለትም የጅምላ ጨራሽ መሣሪያው ወሬ፣ ሐሰት ሆኖ በመገኘቱና የድል ቀን እየራቀ በመሄዱ ነው።

ቃል ኪዳኑ ተሰበረ የሚለውን ክስ የሚመልሰው ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነገር ነው። ስፔን ከኢራቅ በወጣችበት ዓመት በአፍጋኒስታን ያላትን ጦር አሳደገች፤ በሚቀጥለው ዓመት በሄራት የጦር ሰፈርና በባድጊስ ክፍለ ሀገር የመልሶ ግንባታ ቡድን ኃላፊነት ተረከበች፤ በኦገስት 2005 በሄራት አካባቢ በወደቀ ሄሊኮፕተር 17 ወታደሮች ሲሞቱባትም አልወጣችም። በ2006 ወደ ደቡብ ሊባኖስ ከአንድ ሺህ በላይ ሰላም አስከባሪ ላከች። አሜሪካ በካዲስ አቅራቢያ በሚገኘው የሮታ ባሕር ኃይል ሰፈርና በሞሮን የአየር ኃይል ሰፈር መጠቀሟን ለአንድ ቀንም አላቋረጠችም። ይልቁንም በኦክቶበር 2011 አራት የሚሳይል መከላከያ የታጠቁ የአሜሪካ የጦር መርከቦች በሮታ መልሕቃቸውን እንዲጥሉ የፈቀዱት፣ ከሃዲ ተብለው የነበሩት ሳፓቴሮ ራሳቸው ናቸው።

ዋጋ አልተከፈለም ማለት ግን አይደለም። ቡሽ ሥልጣን እስኪለቁ ድረስ ሳፓቴሮን ለሁለትዮሽ ውይይት ወደ ዋይት ሐውስ አልጋበዟቸውም። ለዚህ ቅያሜ የጦሩ መውጣት ብቻ ምክንያት አልነበረም፤ ሳፓቴሮ በተቃዋሚነት ዘመናቸው፣ በኦክቶበር 2003 ብሔራዊ በዓል ሰልፍ ላይ፣ የአሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ ሲያልፍ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ቀርተው ነበር፤ በሴፕቴምበር 2004 ደግሞ በቱኒስ ሌሎች መንግሥታትም የእርሳቸውን ምሳሌ ቢከተሉ መልካም እንደሚሆን ተናገሩ። የራስን ወታደር መመለስ የአንድ ሉዓላዊ መንግሥት መብት ነው፤ የሌላውን ወታደር እንዲመለስ መቀስቀስ ግን በቀረው አጋር ላይ የሚፈጸም ሌላ ድርጊት ነው። የዲፕሎማሲ ብልኀት የሚለካው በእንዲህ ያለው ልዩነት ነውና በዚህ ረገድ ሳፓቴሮ ተወቃሽ ናቸው።

አወጣጥን በሚመለከት ከስፔን የተሻሉ ምሳሌዎች ሞልተዋል። የካናዳ ምክር ቤት በማርች 2008፣ በቀድሞው ሚኒስትር በጆን ማንሊ የተመራ ገለልተኛ ቡድን ያቀረበውን ሐሳብ ተመርኩዞ፣ በአፍጋኒስታን ካንዳሃር የነበረው ጦር ሌላ አጋር አንድ ሺህ ወታደር ካመጣ ብቻ እንዲቆይና በ2011 እንዲወጣ ወሰነ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ለመተካካት ጊዜ ስለነበረ በጁላይ 2011 የውጊያው ተልዕኮ ሲያበቃ ክህደት ብሎ የጮኸ የለም፤ አሠልጣኞችም እስከ 2014 በካቡል ቆዩ። የኔዘርላንድስ ጉዳይ ደግሞ የሚያስተምረው መሪው ወገን እንዴት እንደሚያበላሽ ነው። የሄግ መንግሥት በ2007 በአፍጋኒስታን የኡሩዝጋን ተልዕኮውን ለሁለት ዓመት ሲያራዝም በ2010 እንደሚያበቃ በግልጽ አስታውቆ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ግን የኔቶ ዋና ጸሐፊ አንደርስ ፎግ ራስሙሰን በፌብሩዋሪ 2010 ቆይታው በሌላ መልክ እንዲቀጥል ጠየቁ፤ ጥያቄው የጥምር መንግሥቱን ፓርቲዎች አጋጭቶ በዚያው ወር የጠቅላይ ሚኒስትር ያን ፔተር ባልከነንደን ካቢኔ አፈረሰ፤ ጦሩም በኦገስት በተባለለት ጊዜ ወጣ፣ አሜሪካኖችና አውስትራሊያውያን ተረከቡ። ቀድሞ የታወቀን ቀን እንዳልታወቀ ቆጥሮ የመጨረሻው ሰዓት ላይ መግፋት ያስገኘው ነገር ቢኖር የአንድ ወዳጅ መንግሥት መውደቅ ነው።

ኢትዮጵያም በሶማሊያ ይህንኑ በሁለቱም መልኩ አይታዋለች። በ2008 በጅቡቲ በሶማሊያ የሽግግር መንግሥትና በሸሪፍ አህመድ በሚመራው የተቃዋሚዎች ክንፍ መካከል የተደረሰው ስምምነት የኢትዮጵያን ጦር መውጣት እንደ አንድ የድርድር ፍሬ ያካተተ ሲሆን፣ ጦሩ በጃንዋሪ 2009 ሲወጣ ሸሪፍ በዚያው ወር መጨረሻ በጅቡቲ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ እዚህ ላይ መውጣቱ ራሱ ለፖለቲካ ስምምነት የተከፈለ ዋጋ ነበር፤ ቢሆንም ባይዶዋ ተተኪ ጦር ስላልነበራት ወዲያው በአልሸባብ እጅ ወደቀች። በኦክቶበር 2016 ደግሞ ከአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ውጭ የነበሩ የኢትዮጵያ ወታደሮች እንደ ሃልጋንና ቲዬግሎው ካሉ ቦታዎች ሲለቅቁ አልሸባብ ተከትሎ ገባ። ለነዋሪው ሕዝብ ቁም ነገሩ በማግሥቱ የጥበቃው ምሽግ ባዶ መሆኑ ነበር፤ ከዚያ በመለስ ስለ አጋር ታማኝነት የሚደረገው ክርክር የርቀት ክርክር ነው።

ወደ ስፔን ሲመለሱ፣ ከ2004ቱ በኋላ ሁለት የማይነሱ ምዕራፎች አሉ። የመጀመሪያው ሕግ ነው። በኖቬምበር 2005 የወጣው ኦርጋኒክ ሕግ ቁጥር 5/2005 ጦር ወደ ውጭ ለመላክ የተወካዮች ምክር ቤት ቅድመ ፈቃድ እንዲያስፈልግ ደነገገ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የጀርመን ሕግ ደግሞ አንድ እርምጃ ተራምዶ፣ ምክር ቤቱ የሰጠውን ፈቃድ በማንኛውም ጊዜ አንሥቶ ጦሩን የመጥራት መብት እንዳለው በግልጽ ጽፏል። አጋርን ለማቆየት የሚጥር መንግሥት ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ፎቶ ከመነሳት ይልቅ እንዲህ ባሉ ምክር ቤቶች ዘንድ ጉዳዩን ማስረዳት ይኖርበታል፤ ይህ አድካሚ ሥራ ነው፤ በአሶሬሱ ጉባኤ የተመረጠው አቋራጭ ግን ያስከተለው ታይቷል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ኮሶቮ ነው። ማርች 19 ቀን 2009 የመከላከያ ሚኒስትሯ ካርሜ ቻኮን፣ ኮሶቮ ያለውን የስፔን ጦር በጎበኙበት ወቅት፣ 600 ያህሉ ወታደሮች በጥቂት ወራት ውስጥ ተጠቃለው እንደሚወጡ አስታወቁ። ስፔን በፌብሩዋሪ 2008 የታወጀውን የኮሶቮ ነጻነት አልተቀበለችምና በፖለቲካው የራሷ ምክንያት ነበራት፤ ነገር ግን ይህ እንደ ኢራቁ የፈቃደኞች ስብስብ አልነበረም፤ በፀጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 1244 የተፈቀደ፣ ራሱ ኔቶ የሚመራው ተልዕኮ ነበር፤ አባላቱም አብሮ ገብቶ አብሮ መውጣትን እንደ ደንብ ይዘውት ቆይተዋል። በምርጫ የተገባ ቃል አልነበረም፤ አስቀድሞ የተቆረጠ ቀን አልነበረም፤ ከአጋሮቹ ጋርም በቂ ምክክር አልተደረገም፤ የኔቶ ሹማምንት በአደባባይ ቅር ተሰኙ፣ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትም በብርቱ ማዘኑን ገለጸ። ከሳሾቹ በ2004 የደረደሯቸው መመዘኛዎች ሁሉ የሚያርፉት በዚህኛው መውጣት ላይ ነው።

ሆኖም ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 5፣ ባራክ ኦባማ ሳፓቴሮን በፕራግ አግኝተው ተወያዩ፤ በኦክቶበር ወር ደግሞ ከአምስት ዓመት በላይ ተዘግቶባቸው በነበረው ዋይት ሐውስ ተቀበሏቸው። ፕሬዚዳንቱ ተለውጠዋል፣ ኮሶቮም ኢራቅ አይደለችም ይባል ይሆናል፤ መልሱ ራሱ ግን ክሱን ያፈርሰዋል። በሕግም በምክክርም የከፋው መውጣት በቀናት ተረስቶ፣ አስቀድሞ ለሕዝብ የተነገረውና ከቃል ኪዳኑ ግዴታ ውጭ የነበረው መውጣት ለዓመታት ከተቀጣ፣ ቅጣቱ የሚለካው በቃል ኪዳን ታማኝነት ሳይሆን ጦርነቱ ለአንድ መንግሥት በነበረው ክብደት ነው ማለት ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ እስከ ዛሬ ምሳሌ አድርገው የሚጠቅሱት ግን ኢራቅን ነው፤ ኮሶቮን የሚያነሳ ጥቂት ነው።